የአትራክታ የክርን ዋሽንት

በዴሪቬን መንደር የክርን ዋሽንት ሃያ አንድ ዓመት ይፈጃል ይባላል፤ ሰባቱ ለመማር፣ ሰባቱ ለመለማመድ፣ ሰባቱ ለመጫወት። አትራክታ ጊልሬን ይህን አባባል እየሰማች አደገች። ለመጀመር ብቻ ሠላሳ አምስት ዓመት መጠበቅ እንዳለባት ግን የነገራት ሰው አልነበረም።

መሣሪያው የእናቷ አጎት የታዲ ነበር። ታዲ ሚስት ሳያገቡ፣ መሬት ሳይኖራቸው፣ አንዲት የእንጨት ሣጥን ብቻ ታቅፈው ወደ እህታቸው ልጅ ቤት የገቡት አትራክታ ከመወለዷ በፊት ነው። ከማድቤቱ አጠገብ ያለችውን፣ የላይኛዋ የሚሏትን ክፍል ሰጧቸው። ክፍሏን ከማድቤቱ የሚለያት የሳንቃ ግድግዳ ስለሆነ ታዲ ሲያስሉ እንኳ ምድጃው ዳር ይሰማል።

የክርን ዋሽንት አፍ አይነካውም። በቀኝ ብብት ሥር የታሰረው ትንሽ ወናፍ አየሩን ይስባል፤ በግራ ብብት ሥር ያለው ስልቻ ያጠራቅመዋል፤ ተጫዋቹ ስልቻውን በክርኑ ሲጫነው አየሩ ጉልበቱ ላይ በቆመው ዋሽንት ይወጣል። ጭኑ ላይ የተጋደሙት ሦስት ቱቦዎች ደግሞ ዜማው ከላይ ቢሮጥም ቢያለቅስም እነሱ ከሥር አንድ ድምፅ ይዘው ያንጎራጉራሉ። አትራክታ ከሁሉም የምትወደው እነዚህን አንጎራጓሪዎች ነበር። ታዲ ሲከፍቷቸው የቤቱ ወለል ይነዝራል፤ መደርደሪያው ላይ ያሉት ሳህኖች እርስ በርስ ይንሾካሾካሉ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ታዲ ታላቅ ወንድሟን ጃርላትን ያስተምራሉ። እሱ አሥራ አራት ዓመቱ፣ እሷ አሥራ አንድ። በዚያ ሰዓት የእሷ ሥራ ለእሑድ ምሳ ድንች ማጠብ ነው፤ ባልዲዋን ይዛ ሳንቃው ሥር ትቀመጥና አንዱን ድንች ሦስት ጊዜ ታጥበዋለች።

"ያ ድንች ሊቀቀል ነው ወይስ ክርስትና ሊነሳ?" ትላታለች እናቷ።

ጃርላት አንድ ቦታ ላይ አሥር ጊዜ ይሳሳታል። አሥራ አንደኛውን ሲሳሳት አትራክታ ዜማውን ይዛዋለች። ታዲ ይህን እንዴት እንዳወቁ አይታወቅም፤ ምናልባት ከግድግዳው ወዲህ የሚያጉረመርም ትንሽ ድምፅ ሰምተው ይሆናል። በመከር ወራት ከተማ ለገበያ ወጥተው ሲመለሱ ከኮታቸው ኪስ አንዲት የቆርቆሮ ዋሽንት አውጥተው ሰጧት።

"ስድስት ቀዳዳ አላት፤ አንቺ ደግሞ አሥር ጣት አለሽ" አሏት። "በተረፉት አራት ጣቶች ድንቹን እጠቢ።"

የቆርቆሮ ዋሽንት ርካሽ ነገር ናት፤ መስኮቱ ላይ አቧራ ለብሳ የማትገኝበት ቤት የለም። ቀስ ብለሽ ከነፋሻት ዝቅ ብላ ታወራለች፤ ትንሽ ጠንከር ካልሽባት ዘላ ከፍ ትላለች፤ ከዚያ በላይ ከተጫንሻት ውሻ ታስነሳለች። አትራክታ ይህን ሁሉ በበረት ውስጥ ከላሞቹ ጋር ተማረችው። ክረምቱ ሳያልቅ ጃርላት የሚያውቃቸውን የጭፈራ ዜማዎች በሙሉ፣ እሱ ገና ያላገኛቸውን ሁለት ጨምራ ትጫወት ነበር። ሆኖም ቆርቆሮዋ ወለል አታነዝርም። አንድ ሰው ባዶ ሜዳ ላይ ብቻውን እንደሚያወራ ትሆንባታለች፤ ከሥሯ የሚያንጎራጉርላት የለም።

አንድ እሑድ ጥርሴን አመመኝ ብላ ከቅዳሴ ቀረች። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ሣጥኗን ከፈተች። ወናፉን ወገቧ ላይ አሰረች፣ ስልቻውን ታቀፈች፣ ጣቶቿን ደረደረች፣ ተጫነችው። የወጣው ድምፅ ጅራቷን በር የነከሳት ድመት ነበር። ሁለተኛም እንዲሁ። ሦስተኛውን ስትጀምር ታዲ በሩ ላይ ቆመው አየቻቸው፤ ጉልበታቸው አሟቸው ከመንገድ ተመልሰው ነው።

አልተቆጡም። መጥተው የግራ እጇን አንጓ ቀና አደረጉት። "ጣትሽን አታጉብጪ። ቀዳዳውን በጫፉ ሳይሆን በሥጋው ክደኚው። አሁን ክርንሽን ቀስ አድርጊ።"

ቀስ አደረገች። አንድ ጥርት ያለ ድምፅ ወጣ፤ እንደተወጠረ ክር ቀጥ ብሎ። አትራክታ እስክትሸመግል ድረስ ያንን ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ታገኘው ነበር።

እናቷ ከቅዳሴ ስትመለስ ያየችው ይህንን ነው። "ክንፏን እንደምታማታ ዶሮ!" አለች። "ወንድ ፊት እንዲህ ሆነሽ ልትቀመጪ ነው? ማን ሊያገባሽ?"

ታዲ መታጠቂያውን ፈቱላት። "እናትሽ ልክ ናት፤ የሴት ዕቃ አይደለም" አሉ። ሣጥኗን ዘግተው ሲያበቁ ግን ወደ እሷ ሳያዩ፣ "እጅሽ ጥሩ ነበር። ያሳዝናል" አሉ።

ታዲ የሞቱት ጃርላት አሥራ ዘጠኝ ሲሞላው ነው። ሣጥኗን ለእሱ አወረሱት፤ ይህ ማንንም አላስገረመም። በሚቀጥለው የፀደይ ወር ጃርላት እንደ ሌላው ጎረምሳ ሁሉ ለሥራ ወደ እንግሊዝ አገር ተነሳ። አትራክታ ሣጥኗን አብራው ተሸክማ እስከ አውቶቡስ መንገዱ ሸኘችው፤ እሱ አንደኛውን እጀታ፣ እሷ ሁለተኛውን።

"ዝናብ እንዳያገኛት" አለችው።

"እኔስ?"

"አንተ ቆዳህ አይሰነጠቅም።"

ሳቀ። አውቶቡሱ መጣ፣ ሄደ። ወደ ቤት ስትመለስ አልቅሳለች፤ ያለቀሰችው ግን ለወንድሟ ብቻ እንዳልሆነ ታውቀዋለች። ቅዳሜ ሲደርስ ድንቿን ይዛ ሳንቃው ሥር ተቀመጠች፤ ከወዲያ በኩል ምንም የለም። የናፈቃት ጃርላት ይሁን ያ ወለሉን የሚያነዝረው ድምፅ መለየት አቃታት። ከዕቃና ከወንድም ዕቃ የሚበልጥብኝ ምን ዓይነት ሰው ብሆን ነው ብላ አፈረች፤ ለቄሱ እንኳ አልተናዘዘችውም።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደብዳቤ ይመጣ ነበር። ማንቸስተር ነው፣ ቤት ይሠራል፣ እሑድ እሑድ የአገር ልጆች በሚሰበሰቡበት አዳራሽ ይጫወታል። "አንዲት የኬሪ አውራጃ ሴት አልቅሳ አልቅሳ ከወንበሯ ወደቀች፤ ከእኔ ይሁን ከቢራው አልታወቀም" ብሎ ጽፎ ነበር። እናቷ ይህንን ሦስት ጊዜ አስነበበቻት። በስምንተኛው ዓመት አንድ ደብዳቤ በማያውቁት ጥሩ የእጅ ጽሑፍ መጣ፤ የጻፈችው ቤት ያከራየችው ሴትዮ ናት። ልጅዎ ደህና ነው፤ ሲሚንቶ ማቡኪያ መኪና ይዞት የግራ እጁን ሁለት ጣቶች ብቻ አጥቷል ይላል።

"እግዚአብሔር ይመስገን፤ እጁ ተርፏል" አለች እናቷ፤ አማተበችም።

አትራክታ ወደ በረት ወጣች። በዚያው ሳምንት አንድ መስመር ጻፈችለት፤ የትኞቹ ጣቶች? መልስ አልመጣም። ከዚያ በኋላ ለገና ካርድ ካልሆነ በስተቀር ምንም አይመጣም ነበር፤ ካርዱም ስም ብቻ አለው።

እሷም ኖረች። ላም አለበች፣ ከረግረጉ የሚነደውን አፈር ቆርጣ አደረቀች፣ አባቷን ቀበረች። ማቲ ፌሂ የሚባል ሰው አራት ክረምት በብስክሌት እየተመላለሰ ምድጃቸው ዳር ይቀመጥ ነበር። የእናቷ ግማሽ ጎን ሽባ ሲሆን ማቲ ሁለት ዓመት ጠበቀ፤ ከዚያ ከሐይቁ ማዶ አገባ። አልፈረደችበትም። ደግ ሰው ነበር፤ ዜማ ግን አንዱን ከአንዱ አይለይም፣ እግሩንም ከምቱ ውጪ ነበር የሚመታው። ሌሊቱ ሲረዝም የቆርቆሮ ዋሽንቷን አውጥታ ታዲ ስም ያላወጡላትን አንዲት እንጉርጉሮ ትጫወታለች። ጎረቤታቸው ቢና ኪቬኒ ወተት ልትበደር ስትመጣ በሩ ላይ ቆማ ትሰማና "እንዲህ ዓይነቱን ነገር የምትጫወቺው ሰው እንዳያገባሽ ነው?" ትላታለች።

እናቷ ስትሞት አትራክታ አርባ አምስት ዓመቷ ነበር። ቴሌግራም ላከች። ጃርላት ለቀብሩ ደረሰ፤ ጸጉሩ ነጭ፣ ደረቱ የሚያፏጭ፣ ግራ እጁ ኪሱ ውስጥ። በቀኙ ሣጥኗን ይዟል።

ቢና አየችው። "ያቺ ሣጥን ናት? እኔኮ ሸጦ ጠጥቶ የጨረሳት መስሎኝ ነበር" አለች፤ ድምፅዋን ዝቅ ሳታደርግ።

"ሞክሬ ነበር፤ አትጣፍጥም" አላት ጃርላት።

ከቀብሩ በኋላ ልመለስ አላለም፣ ልቆይም አላለም። የላይኛዋን ክፍል ያዘ፣ ሣጥኗን አልጋው ሥር አስገባ፣ በማግሥቱ ላሞቹን ወደ ሜዳ ሲያወጣ ተገኘ። ዓመት ሊሞላ እስኪቃረብ ድረስ ስለዚያች ሣጥን አንድ ቃል አልተነጋገሩም። አትራክታ ክፍሉን ስትጠርግ መጥረጊያዋ ሣጥኗን እንዳይነካ ዞር ታደርገዋለች፤ አልጋው ሥር የተኛ ሕመምተኛ ያለ ይመስል።

በኅዳር አንድ ሳምንት ሙሉ ዘነበ። አትራክታ ማድቤት ሆና ያቺን እንጉርጉሮ በቆርቆሮዋ ስትጫወት ከሳንቃው ወዲያ የወንድሟ ድምፅ መጣ።

"ስህተት ነው።"

አቆመች። "ምኑ?"

"ሦስተኛዋ ድምፅ። ቶሎ ትለቂያታለሽ። ታዲ ከሥር እየጎተቱ ነበር የሚያወጧት፤ ከጉድጓድ ውኃ እንደሚቀዳ ሰው።"

"ሠላሳ ዓመት እንዲህ ነው የተጫወትኳት።"

"ሠላሳ ዓመት ተሳሳትሻ።"

ደሟ ፈላ። "ታዲያ ና ውጣና አሳየኝ።"

ወጣ። ግራ እጁን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ሌባ ጣቱና የመሀል ጣቱ የሉም። አትራክታ ከሃያ ዓመት በፊት ለጠየቀችው መልሱን ያኔ አየች።

"በምን ላሳይሽ?" አለ።

ሻይ ቀዳችለት።

በማግሥቱ ወተቱን አድርሳ ስትመለስ ሣጥኗ ጠረጴዛው ላይ ተከፍታ አገኘቻት። የስልቻው ቆዳ እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቋል፤ ድምፁን የሚያወጣው ቀጭኑ የሸምበቆ ምላስ ለሁለት ተከፍሏል። የእንጨቱ ቱቦዎች ግን ያው ጥቁር፣ ያው ለስላሳ ናቸው። ጃርላት ምድጃው ዳር ጀርባውን ሰጥቷት ተቀምጧል።

"ከተማ አቶ ፊንጋን የሚባል ጠጋኝ አለ ይላሉ" አለ ወደ እሳቱ። "እጅ ያለው ሰው ካለ ነው እንጂ ለምን ይጠገናል?"

"እጅ አለ" አለች አትራክታ።

ጠጋኙ ክረምቱን ሙሉ ያዘው። በፀደይ፣ በአርባ ስድስት ዓመቷ፣ ወናፉን እንደገና ወገቧ ላይ አሰረች።

ጃርላት ክፉ አስተማሪ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ዋሽንቱን አልሰጣትም፤ ወናፍና ስልቻ ብቻ። ቀኝ ክርን ይስባል፣ ግራ ክርን ይጫናል፤ ሁለቱ እንደ ጥሩ ባልና ሚስት አንዱ ሲደክም አንዱ ይቀበላል፤ ስልቻውም ሳያብጥ ሳይጎድል እኩል ይቆያል። የግራ ክርኗ ዝቅ ባለ ቁጥር በዱላው ጫፍ መታ ያደርጋታል። ዋሽንቱን ሲሰጣት ደግሞ ሌላ መከራ መጣ፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ትንፋሽዋን የለመዱ ጣቶች አሁን ትንፋሽ የላቸውም።

"እቴ፣ ዶሮ እያረድሽ ነው?"

"አንተ ስታርድ እማ ምን ትል ነበር?"

"ከሩቅ ሆነህ እረድ ትለኝ ነበር።"

ውሻው መሣሪያው ሲወጣ ራሱ ተነስቶ ዝናብ ውስጥ ይወጣል። ቢና ከአጥሯ ማዶ፣ "የታመመችው የትኛዋ ላም ናት?" ብላ ትጠይቃለች። አትራክታ ስቃ ትመልሳለች፤ በረት ገብታ ግንባሯን የላሚቱ ጎን ላይ አስደግፋ ያለቀሰችበት ቀን ግን አንድና ሁለት አይደለም። ጣቶቿ የላምና የአካፋ ጣቶች ሆነዋል። በአሥራ አንድ ዓመቷ በአንድ ጊዜ ያወጣችው ጥርት ያለ ድምፅ አሁን በሳምንት አንዴ ይመጣል፤ እንግዳ ነው፤ ሳይቀመጥ ይሄዳል።

አንድ ነገር ግን አየች። እሷ ስትጫወት የጃርላት ግራ እጅ ጉልበቱ ላይ ሆኖ አብሯት ይጫወታል። የቀሩት ሦስቱ ይነሳሉ፣ ይወድቃሉ። የሌሉት የሁለቱ ተራ ሲደርስ መንጋጋው ጥብቅ ይላል። አትራክታ ቀና ብላ ላለማየት ዓይኗን መሬት ላይ ትተክላለች።

በሁለተኛው ዓመት፣ ድርቆሽ ጨርሰው ሻይ ይዘው በተቀመጡበት፣ ሳትጠይቀው አወራ።

"ማንቸስተር አንድ ልጅ ነበር፤ የሮስኮመን አውራጃ ልጅ፣ ተጫዋች። ጣት ነው የምልሽ። ከአደጋው በኋላ ሣጥኗን ሽጥልኝ ብሎ ሁለት ዓመት ለመነኝ። አንድ ቀን እሺ አልኩ፤ ተሸክሜ እቤቱ በር ድረስ ሄድኩ። ሲከፍት ምን አልኩት መሰለሽ? 'አዝናለሁ፣ የኔ አይደለችም፣ የእህቴ ናት' አልኩት።"

አትራክታ ኩባያዋን አስቀመጠች።

"ውሸቴን ነበር" አለ። "አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነው። ግን ከወጣ በኋላ መመለስ አቃተኝ። ከዚያ ወዲህ የጠየቀኝን ሁሉ የእህቴ ናት እላለሁ።"

"ስንት ዓመት?"

"ይሆናል… ሃያ።"

"የእህቴ ናት እያልክ ሃያ ዓመት አልጋህ ሥር አስቀመጥካት" አለች፤ ድምፅዋ ቀጭን ሆነ። "ጣቶቼ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላቸው። ለምን አልላክሃትም? እማ ብትቆጣ በበረት እጫወታት ነበር።"

ጃርላት ኩባያውን በመዳፉ ውስጥ አዞረው። "ብልክልሽ" አለ በመጨረሻ፣ "በምን ሰበብ እመለሳለሁ?"

ተነስታ ወጣች። አራት ቀን አላናገረችውም። ምሳ ታቀርብለታለች፤ የምትናገረው ለውሻው ነው። "ለዚያ ሰውዬ ድንቹ ይቀዘቅዛል በለው" ትላለች። እሱም ለውሻው፣ "እየበላሁ ነው በላት" ይላል። የተናደደችው ስለ ጠፋው ጊዜ ነበር፤ እንደ ሰው ሬሳ ከፊቷ ተጋድሞ አየችው። በአራተኛው ቀን ግን ሌላ ነገር ታያት፤ እሷ ሳንቃው ሥር ተቀምጣ ዝምታውን በምታዳምጥበት ዘመን፣ እሱ ደግሞ በሰው አገር የኪራይ አልጋ ላይ ተኝቶ ከሥሩ ያለችውን ሣጥን ያዳምጥ እንደነበር። ሁለት ሰዎች አንድ ዝምታ ከሁለት ወገን ይዘው ኖረዋል። ንዴቷ አለቀ ማለት አይደለም። ግን በአምስተኛው ቀን መሣሪያውን አውጥታ ታጠቀች።

"ክርንሽ" አለ ከምድጃው ዳር።

"አውቃለሁ።"

"ካወቅሽ አንሺው።"

አንጎራጓሪዎቹን ቱቦዎች አምስት ዓመት ሙሉ እንዳትከፍታቸው ከለከላት፤ ሥር ሳይጸና ወለል አይነጠፍም ይል ነበር። በስድስተኛው ዓመት በነሐሴ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ምንም ሳይላት ጎንበስ ብሎ ቁልፏን በአውራ ጣቱ ዞር አደረጋት። ሦስቱም ተነሱ። ወለሉ ነዘረ፤ ሳህኖቹ መንሾካሾክ ጀመሩ። አትራክታ ስም የለሿን እንጉርጉሮ ጀመረች፤ ሦስተኛዋን ድምፅ ከጉድጓድ እንደሚቀዳ ሰው ከሥር ጎትታ አወጣቻት። ጃርላት ሦስት ጣት የቀረውን እጁን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጎ እንጨቱ ሲንቀጠቀጥ በመዳፉ ያዳምጣል። እስክትጨርስ አልተነቃነቀም።

"የሁለተኛው ቱቦ ድምፅ ትንሽ ከፍ ብሏል" አለ። ከዚያ ባርኔጣውን አንስቶ ላሞቹን ላያቸው ወጣ። ላሞቹ ለመታለብ ገና ሁለት ሰዓት ይቀራቸው ነበር።

በዚያው መከር ቄሱ በየጎረቤቱ እየዞሩ የሚቀድሱት የቤት ለቤት ቅዳሴ ተራው የቢና ሆነ። ቄሱ ቁርሳቸውን በልተው ከሄዱ በኋላ ቢና ራሷ፣ "ያቺን የታመመች ላም አምጪያት እስኪ" አለቻት። አትራክታ ሁለት የጭፈራ ዜማና እንጉርጉሮዋን ተጫወተች። አንደኛው ላይ ተሰናከለች፤ ማንም አላወቀ፤ አንድ ሰው ብቻ አወቀ፣ እሱም በዚያች ቅጽበት ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ቢና ሲያልቅ ዓይኗን በመደረቢያዋ ጫፍ ጠራርጋ "ጭሱ ነው" አለች። እሳቱ ጨርሶ አልጨሰም።

ታላቅ ተጫዋች አልሆነችም። ፈጣኖቹ ዜማዎች ሁልጊዜ ይቀድሟታል፤ ጣቶቿ ዘግይተው ነበር የተጠሩት። እንጉርጉሮ ላይ ግን በአካባቢው የሚወዳደራት አልነበረም ይላሉ የሰሙ። ጃርላት ይህን በፊቷ ብሎ አያውቅም።

የሲሚንቶው አቧራ ደረቱን ጨረሰው። በመጨረሻው ክረምት ከአልጋ አልወረደም፤ የሳንቃውን በር ክፍት አድርጋ ማድቤት ሆና ትጫወትለታለች። አንድ ጠዋት በመጋቢት፣ "ዛሬ ዝም በይ፣ ዝናቡን ልስማ" አላት። አብራው ተቀምጣ ዝናቡን ሰማች። በሦስተኛው ቀን ዐረፈ። ለቀብሩ እንድትጫወት ሰው ሁሉ ለመናት፤ እምቢ አለች። ክርኔ አይታዘዘኝም አለች።

ለሰባት ወር ሣጥኗን አልከፈተችም። የከፈተቻት ቆዳው እንዳይሰነጠቅ ፈርታ ነው፤ አንዴ ከታጠቀች በኋላ ግን መፍታት አልቻለችም።

በሚቀጥለው ዓመት ከከተማ ደብዳቤ ደረሳት። የክርን ዋሽንት ተጫዋቾች በወር አንዴ ቅዳሜ ከቡና ቤቱ ጀርባ ባለው ክፍል ይሰበሰባሉ፤ እርስዎም ቢመጡ ደስ ይለናል ይላል። ስሟን የሰጠቻቸው ቢና ናት፤ አላደረግኩም ብላ ማለች። አትራክታ ደህናውን ኮቷን ለብሳ ሣጥኗን ጭኗ ላይ አድርጋ በአውቶቡስ ሄደች። ዘጠኝ ሰዎች ነበሩ፤ ሁለቱ ሴቶች፣ አንደኛዋ ሠላሳ ዓመት የማይሞላት። ማንም ክንፏን የምታማታ ዶሮ አላላትም። ወጣቷ ወንበር ሳበችላትና፣ "እትዬ፣ ከኔ ጎን ይቀመጡ፤ እኔ ጎኔ ጠንካራ ተጫዋች እሻለሁ" አለቻት።

ተራዋ ሲደርስ እንጉርጉሮዋን ተጫወተች። አንድ ሽማግሌ ብርጭቆውን ሳያነሳ ጠየቃት።

"ይህን አያያዝ ከማን ተማሩት?"

"ከወንድሜ።"

"የት ነበር የሚጫወተው? እኔ በዚህ አገር ያሉትን ሁሉ አውቃለሁ።"

"ከኔ በቀር የሰማው የለም" አለች። ወዲያው ደግሞ ታረመች፤ "ማንቸስተር የሰሙት አሉ። አንዲት የኬሪ ሴት።"

ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ። በሚቀጥለው ወርም እንድትመጣ ጠየቋት፤ ድርቆሹ ከገባ እመጣለሁ አለች።

ቤት ስትደርስ ገና አልጨለመም። እሳቱን ቆሰቆሰች፣ ማንቆርቆሪያውን ጣደች፣ ኮቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች። ጎኗ ባዶ ወንበር ነው፤ ውሻውም አርጅቶ ደጅ ተኝቷል። ሆድ ባሳት፤ እንዲህ ዓይነት ቀን ውሎ የሚነግሩት ሰው ማጣት ከባድ ነው። ግን ወደ ሳንቃው ግድግዳ ዞራ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ለጃርላት ከመጀመሪያው አወራችለት፤ ማን ማን እንደነበረ፣ ወጣቷ ልጅ ጣቷን እንደማታጎብጥ፣ የሽማግሌው ወናፍ እንደሚያስል፣ የእሷ ሁለተኛ ቱቦ ዛሬም ትንሽ ከፍ እንዳለ። ሁሉንም ነገረችው፤ ማንቆርቆሪያው ፈልቶ ክዳኑን እስኪያንኳኳ ድረስ።